የቀዳዳ ሊቃውንት፦ በ«ዘ ፍላሽ» ተመልካቾች ላይ የተደረገ አጭር ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ ከድምፅ ፈጥኖ የሚሮጥ ሰው ለምን ሁልጊዜ አርፍዶ እንደሚደርስ መመርመር አይደለም። እሱን የሚመረምሩ ሞልተዋል። የጥናቱ ዓላማ መርማሪዎቹን መመርመር ነው።

«ዘ ፍላሽ» ከ2014 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. በ9 ምዕራፍ፣ በ184 ክፍል የታየ የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ነው። ግራንት ገስቲን የሚጫወተው ባሪ አለን የፖሊስ ፎረንሲክ ባለሙያ ነው። አንድ የቅንጣት ማፋጠኛ ይፈነዳል፤ ባሪን መብረቅ ይመታዋል፤ 9 ወር ራሱን ስቶ ተኝቶ ሲነቃ ዓይን የማይከተለው ሯጭ ሆኗል። በዚህ ላይ ማንም አይከራከርም። የመጀመሪያው ግኝታችንም ይኸው ነው፦ በመብረቅ ተመትቶ ፈጣን የሆነን ሰው ያላንዳች ጥያቄ የተቀበለ ተመልካች፣ የእስር ቤቱ ሽንት ቤት የት እንደሆነ ሳይነገረው እንቅልፍ አይወስደውም።

የሽንት ቤቱ ጉዳይ ተራ እንዳይመስል። ባሪና ጓደኞቹ የያዟቸውን ልዩ ኃይል ያላቸው ወንጀለኞች የሚቆልፉባቸው በዚያው በፈነዳው ማፋጠኛ ውስጥ ነው። ክስ የለም፣ ዳኛ የለም፣ ቀጠሮ የለም። ቆላፊው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ የሚፈርም ደመወዝተኛ ነው። መረጃ ሰጪዎቼ ግን ስለ ዳኛው አንድም ቃል አልተነፈሱም። ያከራከራቸው የፍሳሽ መስመሩ ነው።

ስለ መረጃ ሰጪዎቹ ጥቂት ልበል። ሁለት ወጣቶች ናቸው። የተመረጡትም በሠፈሬ ካፌ አጠገቤ ስለተቀመጡ ነው፤ በምርምር ቋንቋ ይህ «አመቺ ናሙና» ይባላል። ሁለቱም ድራማውን ያዩት ፊልም ከሚጭን ሱቅ በፍላሽ አስጭነው ነው። «ፍላሽን በፍላሽ ማስጫን» የሚለው አባባል ከእኔ በቀር ማንንም አላሳቀም። ክርክሩ የተካሄደው ድራማው ገና ሳያልቅ ሲሆን፣ ሦስት ማኪያቶ ያህል ፈጅቷል።

የክርክሩ እምብርት ከድራማው ገጸ ባሕርያት የአንዱ፣ የኤዲ ቶን ነገር ነው። በአንደኛው ምዕራፍ መጨረሻ ኤዲ ራሱን ተኩሶ ይገድላል። ከመጪው ዘመን የመጣው ክፉው ኢዮባርድ ቶን ከእሱ ዘር የሚወለድ ነውና፣ ግንዱ ከተቆረጠ ቅርንጫፉ አይኖርም በሚል ስሌት ነው። ስሌቱም ሠራ፤ ኢዮባርድ እንደ ጭስ በነነ። ተመልካች አለቀሰ። በሁለተኛው ምዕራፍ ኢዮባርድ መጣ።

«ካልተወለደ የባሪን እናት ማን ገደላት?» አለ አንደኛው ወጣት፣ ስኒውን እንደ ማስረጃ ወደ ጓደኛው እየገፋ። «ካልተወለደ ማፋጠኛውን ማን አፈነዳው? ካልፈነዳስ ባሪ በምን ይሮጣል?» ጓደኛው ስኒውን መለሰለት። ቀጥሎ የሆነውን ሳይ የአብነት ትምህርት ቤት ጉባኤ ትዝ አለኝ። መምህራኑ አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ እያገላበጡ እንደሚፈቱት፣ እነዚህም ፈቱት። አንድም፣ የመጣው ኢዮባርድ ከመጥፋቱ በፊት ካለ ዘመን የተነሣ ነው። አንድም፣ የጊዜ ቅሪት ነውና የፍጥነት ኃይል ጠብቆታል። ይህ ድራማው ራሱ የሰጠው መልስ ነው፤ በጉባኤው ዘንድ ከሁሉ የተናቀውም እሱ ነው። አንድም፣ ቆይቶ ኤዲ ራሱ ይመለሳል። በሦስተኛው ተሳቀ። በ2023፣ በዘጠነኛው ምዕራፍ፣ ኤዲ ተመለሰ። እስከማውቀው ድረስ ለባለ ሦስተኛው አንድምታ ይቅርታ የጠየቀ የለም።

እኔም እንደ ባለሙያ የበኩሌን ጣል አደረግሁ። «ምናልባት ደራሲዎቹ ረስተውት ይሆናል» አልኩ። ጠረጴዛው ጸጥ አለ።

«ጋሼ» አለኝ ትንሹ፣ ክብሬን ሳይነካ፣ «መጀመሪያ አራተኛው ምዕራፍ ድረስ ይዩትና እንነጋገራለን።»

ሁለተኛውና ትልቁ ግኝት ይህ ነው። ሙታን ይነሣሉ፣ ጊዜ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አንድ ሰው ራሱን ያሳድዳል፤ ሁሉም ተቀባይነት አለው። ደራሲ ረሳ ማለት ግን ነውር ነው።

የስሕተት ነቀሳው ዘርፍ ታሪክ አጭር ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የማርቬሉ ስታን ሊ በኮሚክ መጽሔቶቹ ውስጥ ስሕተት እየነቀሱ ደብዳቤ ለሚጽፉ አንባቢዎች ሽልማት አበጀላቸው። ሽልማቱ ፖስታ ነው። ከላይ የእንኳን ደስ ያለዎት ቃል ታትሞበታል፤ ውስጡ ባዶ ነው። እየቆየ ፖስታው ስሕተቱን ላገኘ ብቻ ሳይሆን፣ ስሕተት እንዳልሆነ ላስረዳም ይላክ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ክፍያው አልተሻሻለም። በታሪኩ ውስጥ ቀዳዳውን የሚተዉት ደራሲዎች ደመወዝ አላቸው፤ የሚደፍኑት የማኪያቶውን ሒሳብ ራሳቸው ይከፍላሉ።

ሳይቋጭ የቀረ አንድ ጉዳይ አለ። በድራማው የመጀመሪያ ክፍል መጨረሻ ከመጪው ዘመን የተገኘ ጋዜጣ ይታያል፤ ፍላሽ መሰወሩን ይዘግባል፤ ቀኑ ኤፕሪል 25 ቀን 2024 ነው። በአምስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ቀኑ ተንሸራትቶ ዲሴምበር 10 ቀን 2019 ሆነ። አንድም፣ ጊዜው በመነካካቱ ነው፤ አንድም፣ ጣቢያው ትልቁን ዝግጅት ለዚያ ወቅት ስለያዘው ነው። ወጣቶቹ ሁለተኛውን አንድምታ አላነሡትም፤ እኔም ከዚያች ጸጥታ ወዲህ ተምሬያለሁ።

የመጀመሪያው ቀን፣ ማለትም ሚያዝያ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሲደርስ ድራማው ካለቀ 11 ወር ሆኖት ነበር። የተሰወረ ሰው የለም። ያን ቀን ትንሹን ወጣት እዚያው ካፌ አገኘሁትና ክርክሩ ተዘጋ ማለት ነው አልኩት።

«እንዴት ይዘጋል?» አለ። «በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ገና 8 ዓመት ይቀረዋል። ጋዜጣው ላይ ‹እ.ኤ.አ.› የሚል አይተዋል?»

ማታ ቤት ገብቼ አየሁት። አይልም።