ጆሮ ያጣ የጆሮ ጥናት

እኛ በድሬሰርነት ዘመናችን ጆሮዬን ያለ ሲመጣ የምናየው ጆሮውን ነበር። አሁን የሚታየው ወረቀቱ ነው። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ሊሆን እየተማረ ነው። ሰሞኑን እኔ ያለሁበት ዲመካ መጥቶ የቡና ገለባ ሸፈሮ እየጠጣን «ምን እየሠራህ ነው?» ብለው፣ «ጋሼ፣ ጥናት እያሳተምን ነው» አለኝ። «ምን አጠናችሁ?» «ሌሎች ያሳተሙትን ጥናት ቆጠርን!»

በፈረንጆቹ 1896 አሜሪካ «ላሪንጎስኮፕ» የተባለው መጽሔት ሲጀመር፣ አንድ ሐኪም አንድ በሽተኛ አክሞ ብቻውን ይጽፍ ነበር። ዛሬ የአንድ በሽተኛ ታሪክ ረክሷል። የጸሐፊዎቹ ስም ዝርዝር ደግሞ የዕድር መዝገብ አክሏል። በ2020 ኮሮና ሲገባ አፍንጫው ማሽተት ያቆመ ሰው ሁሉ ጥናት ሆነ። የእኛዎቹም ርዕስ አንድ ነው፦ «የችግሩ ስፋትና ተያያዥ ምክንያቶች»። የሚለወጠው የከተማው ስም ብቻ። መጨረሻውም አንድ ነው፤ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል። ይኼን ለማሳተም ደግሞ በዶላር ይከፈላል! እኔ የማውቀው ለጻፈው ሲከፈል ነው። «ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ማዕረግ ያለ ወረቀት አይገኝም» ይለኛል።

መቁጠር አያስፈልግም አልወጣኝም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021፣ በ2050 ከአራት ሰው አንዱ የመስማት ችግር ይኖረዋል ብሏል። እንዲህ ያለ ቁጥር ባይኖር ባለሥልጣን ማንን ይሰማል?

ግን ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ የሐመር ልጅ በቆሎ ጆሮው ውስጥ ከቶ እሪ ይላል፤ እናቱ በቅል ውሃ ልታፈስበት ነው። «ተይ!» ብዬ ጮህኩ። ውሃ የነካው በቆሎ እዚያው ያብጣል። ነፍስ ያለው ተባይ ቢሆን፣ ታምቡሩ ካልተበሳ፣ ዘይት ጠብ አድርጎ መግደል ነው፤ እህል ግን ከኋላው በቀጭን መንጠቆ ተስቦ ይወጣል። ይኼ ሜታ አናሊሲስ የሚሉትን የጥናት ቆጠራ አይፈልግም፤ የሚፈልገው መንጠቆ፣ ባትሪ እና የማይንቀጠቀጥ እጅ ነው። የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል። ልጁን የቀይ አፈርን ከተማ አሳልፈው ጂንካ ሆስፒታል ወሰዱት።

ይኼን ሁሉ ስነግረው አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝና፣ «ጋሼ፣ የእርስዎም ቀኝ ጆሮ ከብዷል። የዲመካን አረጋውያን የመስማት ሁኔታ ላጥና እንዴ?» አለኝ።

«መጀመሪያ ኩኩን ጥረግልኝ» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ! ከተጠረገማ መረጃው ይዛባል።»