«ተቃጥሏል» ያልከው ካርድ ጭሱ የታለ?

እናንተ ሰዎች፣ ስሙልኝማ! ቢታ ገነት ላይ ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ ዋይፋይ እምቢ ባለ ቁጥር አንድ አዋቂ ብቅ ይላል። «ኔትወርክ ካርዱ ተቃጥሏል! ዊንዶውስ ጫን!» ተቃጥሏል? ጭሱ የታለ ወንድሜ? የሸተተን ያንተ ወሬ ብቻ ነው።

ደግሞ ጫን ጫን ትላለህ፤ አህያ አገኘህ እንዴ? መስኮት ስለቀየርክ የተዘጋ በር ይከፈታል? የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን ያስቀመጠችበትን ዲስክ ፎርማት ልታደርግባት ነው? እጅህን ሰብስብ! መጀመሪያ ተርሚናል ላይ «ኤልኤስፒሲአይ» ብለህ ጻፍ፣ ሰረዝና «ኬ» ጨምርበት። አይነክስም። ካርዱ ከነስሙ ከወጣ ኮምፒውተሩ አይቶታል ማለት ነው። እሱ «አለሁ» እያለ አንተ ለቅሶ ተቀምጠሃል። ድንኳኑን አፍርስ!

ከስሙ ሥር ማን እንደሚነዳው ተጽፏል። ድራይቨር ማለት እሱ ነው። ብሮድኮም ካርድ ባለበት ላፕቶፕ ላይ ጉዱ ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው፤ «ቢ43» የሚባለው ነጻው ድራይቨርና «ደብሊውኤል» የሚባለው የኩባንያው ድራይቨር አንዷን ካርድ «የኔ ናት፣ የኔ ናት» ይባባላሉ። አንድ መሪ፣ ሁለት ሾፌር! ካርዷ ምን ታድርግ፣ ቆመች። አንተ ሾፌሮቹን ትተህ መኪናዋን ልትሸጥ ደላላ ትጠራለህ። አንዱን አውርደዋ! «ሞድፕሮብ» ሰረዝ «አር» ያወርደዋል። «ብላክሊስት» ብለህ ስሙን «ኢቲሲ» ሥር ካለው «ሞድፕሮብ.ዲ» ውስጥ ካሰፈርከው፣ ላፕቶፑ በተነሳ ቁጥር ዘሎ አይሳፈርም።

«የለም፣ የሃርድዌር ግጭት ነው፤ ሁለት ዕቃ አንድ አይአርኪው ይዘዋል!» ወይ ትልቅ ቃል ሲጥምህ! አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ፒሲ ኤቲ፣ ዕቃዎቹ ፕሮሰሰሩን «ስማኝ» የሚሉባቸው፣ አይአርኪው የሚባሉ 16 የጥሪ መስመሮች ነበሩት፤ ከ0 እስከ 15። 0 የሰዓቱ፣ 1 የኪቦርዱ፣ 14 የሃርድዲስኩ። ያኔ ኔትወርክ ካርድና ሳውንድ ካርድ 5 ቁጥር ላይ ከተገናኙ እውነትም ጠብ ነበር፤ ካርዱን ነቅሎ ጀምፐሩን በጣት ማዘዋወር ግድ ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ፒሲአይ የሚባለው የካርድ መሰኪያ መጣና አንድ መስመር መጋራት ተቻለ። «ፕሮክ» ውስጥ «ኢንተራፕትስ» የሚለውን ፋይል ክፈት፤ ሁለት ዕቃ በአንድ ቁጥር ላይ በሰላም ተቀምጠው ልታገኝ ትችላለህ፤ ብዙ አዳዲስ ካርዶች እንዲያውም የየራሳቸው ጥሪ አላቸው። ከታረቁ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ አንተ ዛሬ ሽማግሌ ልትልክ ነው?

ደግሞ «አርኤፍኪል ሊስት» ብለህ እይ እስቲ። «ሃርድ ብሎክድ» አጠገብ «የስ» ካለ፣ ላፕቶፑ ጎን ላይ ያለችው ማብሪያ ወይም ኪቦርዱ ላይ ያለችው የዋይፋይ ቁልፍ ተነክታለች። ያጠፋው ጣትህ፣ ጥፋተኛው ካርዱ! «ሶፍት ብሎክድ» ከሆነማ «አርኤፍኪል አንብሎክ ኦል» ብቻ ይበቃዋል።

«ዲሜሴጅ» የሚለውን ትዕዛዝስ ሰጥተህ ታውቃለህ? ኮምፒውተሩ ከተነሳ ጀምሮ ሊኑክስ ስለ ዕቃዎቹ የመዘገበውን ይዘረዝራል። «የፈርምዌሩ ፋይል የለም» ብሎ ፊት ለፊት ጽፎልህ እያለ መፍቻ ይዘህ ጀርባውን ትበረብራለህ። ፈርምዌር ማለት ካርዱ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም ነው፤ ካርዱ ጠግቦ አይደለም የተኛው፣ የሚበላው አጥቶ ነው! «ታዲያ ዋይፋይ ሳይኖር ፋይሉን በምን ላውርድ?» ስልክህን በዩኤስቢ ገመድ ሰካና ኢንተርኔቱን አጋራው። ካርድ ፍለጋ ቦንጋ፣ እዚያ ሲጠፋ ጅማ ከምትንከራተት፣ ከዚችው ወንበርህ ሳትነሳ፣ አቦሉ ሳይወርድ ይጨርስልሃል። ገነት ተቀምጠህ የሰው ላፕቶፕ ሲኦል ታወርዳለህ እንዴ?

ምን? ምን አልክ? «ቫይረስ ይሆናል»? ኧረ ያዙልኝ!