ልጄን ለቀጠረው መሥሪያ ቤት

ለ፦ የጤና ኢንሹራንስ ማመልከቻ ለሚቀበለው ክቡር መሥሪያ ቤት
ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

ጉዳዩ፦ ያልተከፈለ የአስተርጓሚነት ደመወዝን ይመለከታል

ክቡር መሥሪያ ቤት ሆይ፣

ስምዎን ያልጻፍኩት ሰግቼ አይደለም፤ አንባቢው ሁሉ የቆመበትን መስኮት እንዲያስታውስ ብዬ ነው።

መሥሪያ ቤትዎ የ11 ዓመት ልጄን ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ፈተናና ያለ ውል በአስተርጓሚነት ቀጥሮ አሠርቷታል። ሥራዋን በሚገባ ፈጽማለች። ደመወዟ ግን እስካሁን አልደረሰንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ እርስዎ የላኩን የልጄ ትምህርት ቤት ነርስ ናቸው። “ኢንሹራንስ አውጡላት፣ እናቷም በሐኪም ትታይ” ብለው ምን ምን ወረቀት መያዝ እንዳለብን ሳይቀር ጽፈው ሰጡን። ሴንት ፖል እ.ኤ.አ. በ1973 በሜካኒክ አርትስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ክሊኒክ የከፈተች፣ ሕክምናን ተማሪው ደጃፍ በማድረስ በአገሩ ከቀዳሚዎቹ አንዷ የሆነች ከተማ ናት። በዚህ ዝናዋ ተማምነን ሦስታችንም በግሪን ላይን ባቡር መጣን።

መስኮቱ ላይ የተቀመጡት ሠራተኛዎ ወረቀቶቻችንን ዘርግተው ቅንድባቸውን ሰቀሉ። ልጄ በእኔ፣ እኔ በአባቴ፣ ባለቤቴም በአባቷ ስም እንጠራለን፤ ሦስት ሰው፣ ሦስት የአባት ስም። ደሴ ላይ እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ከነሰዋስዉ አስረዳሁ። ሠራተኛዎ መዳፋቸውን አንሥተው፣ “ሰር፣ የሚሉት አይገባኝም፤ ልጅቷ ትናገር” አሉኝ። ወዲያው ወደ ልጄ ዞረው፣ “እኚህ ሰው በእርግጥ አባትሽ ናቸው?” ብለው ጠየቋት። ልጄ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሳቸው እንዳልሳቁ ስታይ ጥያቄውን በአማርኛ ለእኔው ነገረችኝ። በዚህ ሁኔታ አባትነቴ በስድስተኛ ክፍል ተማሪ ቃል ጸድቆልኛል፤ ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ።

አስተርጓሚ ጠየቅሁ። ከሠራተኛዎ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ አስተርጓሚ በነፃ እንደሚሰጥ በአማርኛ ጭምር የሚናገር ማስታወቂያ ተለጥፏል። በጣቴ አሳየኋቸው። ዞር ብለው አዩት፤ ከዚያ በፊት ያዩት ግን አልመሰለኝም። “ስልክ ላይ ብዙ ያስጠብቃል፤ ደግሞ ልጅዎ ጎበዝ ናት” አሉ። እግዜር ይስጥልን።

ገቢ፣ የቤት ኪራይ፣ አድራሻ፤ ልጄ ሁሉንም ተወጣችው። ከዚያ ስለ እርግዝና ተጠየቀ። በሚኒሶታ ሜዲካል አሲስታንስ የተባለው የመንግሥት የጤና ሽፋን ከእርግዝና በኋላ ለ12 ወራት ስለሚቀጥል ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በፎርሙ አልከራከርም። “እናትሽ ባለፈው ዓመት አርግዛ ነበር?” ልጄ እናቷን መጠየቅም አላስፈለጋት፤ “ኖ” ብላ መለሰች። ባለቤቴ ያቺን ታህል እንግሊዝኛ ትሰማለች። አንገቷን ደፍታ፣ “ነበርኩ በያቸው” አለች።

ጽንሱ ወርዶባት ነበር። ለልጃችን አልነገርናትም።

ሠራተኛዎ ሳያቋርጡ፣ መቼና እንዴት እንዳበቃ ጠየቁ። ወረፋው ከኋላችን ቆሟል። ልጄ ወደ እናቷ ዞራ፣ “እማዬ፣ ሕፃኑ የት ሄደ ይላሉ?” አለቻት። እሳቸው እንደዚያ አላሉም። የጠየቀችው ራሷ ናት።

ምን ነካህ አንተ መሥሪያ ቤት? ልጅ አሳድገህ አታውቅም? የእናቷን ሐዘን ከልጅ አፍ አስወጥተህ ሣጥን ውስጥ ምልክት ስታደርግ እጅህ አልተንቀጠቀጠም? ስልኩ እኮ አጠገብህ ነበር! እጅህን ብትዘረጋ ትደርስበት ነበር!

ይቅርታ ክቡርነትዎ፤ ወደ አንቱታው ተመልሻለሁ።

ሕጉ ለእርስዎ እንግዳ አይደለም። የ1964ቱ የዜጎች መብት ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳያገል ያዛል። ኦባማኬር የምንለው የ2010ሩ ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 1557 ደንቡ፣ ብርቱ አደጋ ደርሶ ሌላ አስተርጓሚ ወዲያው ካልታጣ በቀር ልጅን ለአስተርጓሚነት መጠቀምን ይከለክላል። ልጄ የእኛን የቤት ኪራይ ስትተረጉም የተነሣ ቃጠሎ አልነበረም።

ሌላውን ጉድለት አልዘረዝርም። ሚኒሶታ በጃንዋሪ 2025 የመኖሪያ ሰነድ ለሌላቸው ሰዎች ሚኒሶታኬር የተባለውን የጤና ኢንሹራንሷን ከፍታ፣ በዓመቱ መጨረሻ ለአዋቂዎቹ ዘግታዋለች፤ የቀረው ለልጆቹ ብቻ ነው። ያንን የወሰኑት የምክር ቤት ሰዎች ናቸው። መስኮቱ ግን የእርስዎ ነው።

ማመልከቻችን ጸድቋል፤ ካርዱም በፖስታ መጥቷል። ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ ሐኪም ጋ አልሄደችም። “እዚያም ልጄን ያቆሙብኛል” ትላለች። በሪፖርትዎ ላይ ኢንሹራንስ ካገኙት ጋር ተቆጥራለች፤ ሕመሟም እንዳለ ከእሷ ጋር ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ትምህርት ቤቱ በመከራ ያመጣውን ቤተሰብ እንዲህ አድርገው መልሰዋል።

ስለ ደመወዙ ተመካክረን ትተነዋል፤ እናቷ የዚያን ቀን ሥራ የምትተምንበት ዋጋ አጥታለች። በምትኩ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሰው “አማርኛ” ሲልዎ ልጁን አይመልከቱ፤ ስልኩን ያንሡ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአስተርጓሚዋ አባት

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ ነርስ፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ ሌሎችንም ከመላክ አይቦዝኑ።
ልጆቻቸውን ይዘው መስኮት ላይ ለሚቆሙ ወላጆች ሁሉ፤ “ልጃችሁ ጎበዝ ናት” ሲሏችሁ አመስግኑና አስተርጓሚ ጠይቁ። ወረፋ አስቆማችሁ ቢሏችሁ አትፈሩ። አስተርጓሚው ነፃ ነው፤ መብቱም የእናንተ ነው። ስልኩ እስኪነሣ ድረስ ከመስኮቱ ፈቀቅ አትበሉ።