የጎታው ውታፍ

ተረት ተረት። የላም በረት።

ሊነጋጋ ሲል፣ የመጀመሪያው ባቡር ሳያልፍ፣ መስቀል አደባባይ የሯጮች ነው። ከታች ይነሱና አንዱን እርከን ከዳር እስከ ዳር ሮጠው ወደሚቀጥለው ይወጣሉ፤ እንዲህ እየተመላለሱ ጫፍ ሲደርሱ የእስጢፋኖስ ቅዳሴ ይሰማቸዋል። ሰዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ደግሞ፣ ተረት ነውና፣ እንስሳት ይሮጡበት ነበር። አህያ፣ ፍየል፣ ውሻ፣ በግ፣ ዶሮ፣ ጦጢት፣ በቅሎ፣ ሌሎችም ተጨምረው 20 ነበሩ። ዔሊም አባል ነበር። እሱ አንዷን እርከን ሳይጨርስ የሌሎቹ ልምምድ ያልቃል፤ ቢሆንም አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

ማህበሩ የተመሠረተው በኅዳር 1994 ነው። ያኔ ኃይሌ ገብረሥላሴ ያቋቋመው ታላቁ ሩጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደና አሥር ሺህ ያህል ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሮጠ፤ አንደኛ የወጣውም ኃይሌ ራሱ ነበር። ከእህል በረንዳ ጭነት አራግፎ የሚመለስ አንድ አህያ መንገድ ተዘግቶበት ቆሞ አየ። ሽልማት የማያገኘው ሁሉ እየሳቀ ሲሮጥ አይቶ ተገረመና ማታ ለጎረቤቶቹ አወራ። በሳምንቱ ተሰባሰቡ፤ በወር አንድ ጣሳ ገብስ ሊያዋጡ ተስማሙ። መዋጮው ለታመመ መጠየቂያ፣ እግሩ ለተጎዳ መታከሚያ፣ ለዓመቱ የሩጫ ድግስ ነበር።

ገብሱ የሚቀመጠው ካዛንቺስ፣ በአንዲት አሮጌ ጭቃ ቤት ጓሮ በቆመ ጎታ ነው። ጎታ ያላየ የከተማ ልጅ ካለ ልንገረው። ከጭቃና ከጭድ እየተደራረበ፣ ደረጃ በደረጃ እየደረቀ ይሠራል። እህል በአናቱ ይገባል፤ ከታች ደግሞ ማውጫ ቀዳዳ አለው፣ እሷም በውታፍ ትደፈናለች። ከላይ የሚጨምር ሁሉ ሲጨምር ይታያል። ከታች የሚቀዳውን የሚያየው ግን ጎንበስ ያለ ብቻ ነው። የማህበሩ ጎታ ቀዳዳ ደግሞ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር።

የመጀመሪያው ሰብሳቢ አባባ ዔሊ ነበር። ደንቡ ቀላል ነው። አንዲት ዱላ ነበረችው፤ ለገባ ጣሳ በቀኝ፣ ለወጣ በግራ ይጭርባታል። በየዓመቱ መስከረም 16 ደመራው ተለኩሶ ሕዝቡ ሲበተን፣ በማግስቱ አባላቱን ሁሉ ካዛንቺስ ይጠራል። ጎታው ይገለበጣል፤ ገብሱ ጆንያ ላይ ይፈሳል፤ በጣሳ እየተሰፈረ ጮክ ተብሎ ይቆጠራል። አህያ «አንድ!» ይላል፣ ሌላው «ሁለት!» ይላል። ከዚያ እስኪመሽ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ነቀዙም ይወጣል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ቆጠራው እህሉን ከነቀዝ የሚያድንም ነበር። ማንም ማንንም ጠርጥሮ አልነበረም የሚቆጥረው። እድርተኛ ሰብሳቢውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን ለይቶ የሚመርጠው ሦስቱንም ሌባ ብሎ እንዳልሆነ ሁሉ ማለት ነው።

አባባ ዔሊ ሲደክም በመስከረም 2011 እሜቴ በቅሎ ተመረጠች። መመረጥም ይገባት ነበር፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ፈጣን ናት፣ መልኳ ያምራል፣ ንግግር ታውቃለች። በኅዳር 2011 በአዲስ አበባ የመንገድ ለሰው ቀን ሲጀመርና አውራ ጎዳናዎች ለመኪና ሲዘጉ፣ ማህበርተኛውን ሰልፍ አስይዛ ከፊት መራች። ለሁሉም ቀይ ማልያ አሰፋች። እንስሳቱ ማልያቸውን ለብሰው በስታዲየም በኩል ሲያልፉ የሌላ ሰፈር እንስሳት ቆመው ያዩዋቸው ነበር። የጎታውን ውታፍ ለእመት ጦጢት ሰጠች፤ እጅ ያላት እሷ ብቻ ናትና ማንም አልተቃወመም።

መስከረም 2012 ሲደርስ ቆጠራ አልተጠራም። «ዘንድሮ ዝናቡ አልወጣም፣ ገብሱ ይበሰብሳል» አለች በቅሎ። እውነቷን ነበር፤ የዚያን ሰሞን ዘንቧል። በኋላ ፀሐይ ሲወጣ ግን የጠየቀ የለም። ማን ይጠይቅ? ማልያ ያለበሰችን፣ ስታመም ጠይቃኝ፣ ልጄን ስድር መጥታ... አንዱ ሌላውን እያየ ዝም አለ። በእኛ አገር የብዙ ማህበር ገንዘብ የሚጠፋው ሌባ ደፋር ስለሆነ አይደለም፤ ደጋጎቹ ፊት አይተው ስለሚያፍሩ ነው። እኔ በዚህ እናደዳለሁ። አንድ ጣሳ ገብስ ከልጁ አፍ ቀንሶ ያመጣ አባል «ስንት ደረሰ?» ለማለት ይቅርታ መጠየቅ የለበትም።

ከዚያ አደባባዩ ለግንባታ ታጠረ። ሥሩ ለመኪና ማቆሚያ ተቆፈረ፤ በሰኔ 2013 ታድሶ እስኪመረቅ ድረስ እንስሳቱ መሮጫ አጡ። ሩጫው ቆመ፤ መዋጮው ግን አልቆመም። አህያ በየወሩ ከእህል በረንዳ ሲመለስ የሃያውንም ጣሳ እየሰበሰበ ካዛንቺስ ያደርሳል፤ በአናቱ ያፈሳል፤ ይሄዳል። ጎታው ቆሞ ስለሚታይ ሁሉም ሙሉ ነው ብሎ ያምን ነበር።

አደባባዩ ሲከፈት ሁሉም ደስ ብሎት ሮጠ። በክረምቱ ማለቂያ አህያ አዲሱ ደረጃ ላይ አዳልጦት የፊት እግሩ ተሰበረ። ሠርቶ አዳሪ ነው፤ ካልተሸከመ አይበላም። በደንቡ መሠረት 10 ጣሳ ይገባዋል። ዶሮ ደግፋው ካዛንቺስ ሄዱ። እመት ጦጢት ጎንበስ ብላ ውታፉን ነቀለች። በመጀመሪያ ምንም አልወረደም። በእጇ ቆፈር ስታደርገው ነጭ ዱቄት ተንጠፈጠፈ፤ ከዱቄቱ ጋር ገለባ ብቻ የሆነ፣ ሆዱ የተበሳ ገብስ፣ በላዩም የሚራወጡ ጥቋቁር ነቀዞች።

«ታፍኖ ነው፤ ነገ ኑ» አለች ጦጢት፣ ውታፉንም መለሰችው።

ዶሮ ዕድሜዋን ሙሉ ጥሬ ስትለቅም የኖረች ናት፤ ያየችውን አወቀች።

በእሑዱ ስብሰባ፣ ከልምምድ በኋላ፣ ሁሉም እርከኑ ላይ እንደተቀመጡ ተነሣች። «እሜቴ በቅሎ፣ ከመስከረም 2011 ወዲህ ጎታችን ስንት ገባለት? ስንት ወጣ? ስንትስ ቀረ?»

በቅሎ ጆሮዋን አቆመች። «ይህን ማህበር ከእኔ በፊት ማን ያውቀው ነበር? ከፊት የመራሁት እኔ ነኝ። ማልያ ያለበስኳችሁ እኔ ነኝ። እናቴ ፈረስ ናት። የፈረስ ልጅ ገብስ ሰረቀች ልትይኝ ነው?»

«ሰረቁ የሚል ቃል አልወጣኝም። የጠየቅኩት ስለ ገብሱ ነው።»

አያ ጅቦ የክብር አባል ተብሎ ከላይኛው እርከን ተቀምጦ ነበር። ድምፁን አለዝቦ ተናገረ። «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ አንድነታችንን ይበትናል። የውስጣችንን ጉድ ሌላው ሰፈር ቢሰማ ምን ይለናል? ዶሮ ይቅርታ ትጠይቅ።» በግ ራሷን ነቀነቀች። ፍየል ወደ ሌላ አየ። በድምፅ ብልጫ ዶሮ ሁለት ጣሳ ገብስ እንድትቀጣ ተወሰነ። ዶሮም ከፈለች፤ ስትከፍል ግን «ይቺንስ የት መዘገባችኋት?» አለች። ዝም አሏት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አላዘዘውም። በሚቀጥለው ወር ከ20 ጣሳ የመጣው 11 ነው። ጎህ ሲቀድ ከሚሮጡት መካከል ውሻ ቀረ፣ በግ ቀረች። ወሬም ተነሣ። በቅሎ በገብሱ ጋጣ አሠራች ተባለ። ጦጢት እህል በረንዳ ስትሸጥ ታየች ተባለ። አህያ ራሱ በመንገድ እያጎደለ ነው ያመጣው ተባለ፤ እግሩን ሰብሮ የተኛው ምስኪን እንኳ አልቀረለትም። በቅሎ ይህን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። እውነቱን ልናገር፦ እሜቴ በቅሎ ከጎታው አንዲት ፍሬ አልበላችም። ግን በምን ታስረዳ? መዝገብ የላት፤ ዱላዋን አባባ ዔሊ ካስረከባት ጀምሮ አንድ ጭረት አልጨመረችባትም። ሒሳብ ሌባን ከመያዙ በፊት ንጹሑን የሚያድን ነገር መሆኑን ያን ሌሊት ገባት።

ሳይነጋ ዶሮ ቤት ደጃፍ ቆመች። «ነይ፣ አብረን እንገልብጠው» አለቻት።

ደመራው ሲያልፍ፣ በመስከረም 2014፣ ጎታው ተገለበጠ። ያኮረፉትም የቀረባቸውን ጣሳ ይዘው መጡ። ጆንያው ተነጠፈ፣ ገብሱ ፈሰሰ፣ ሽታው ጓሮውን ሞላው። ዶሮ በጥፍሯ ነቀዝ የበላውን ከደህናው ትለያለች፤ አባባ ዔሊ ይሰፍራል፤ ሌሎቹ ይቆጥራሉ። የዶሮ ቅጣት ሳይቆጠር፣ በሦስት ዓመት 20 አባላት ያዋጡት 720 ጣሳ ነው። ሁሉም የሚያስታውሰው የሦስት ዓመት ድግስ 180 ወስዷል፤ ማልያው 100። 440 መገኘት ነበረበት። የተገኘው 205 ነው።

«ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት ጎደለ» አለ አባባ ዔሊ።

በቅሎ አንገቷን ደፋች። «አርባውን ለአያ ጅቦ አበድሬያለሁ። ለሰልፋችን ማታ ማታ መንገድ ሊጠብቅልን ነበር። አልጻፍኩትም፤ ዋስም አልጠራሁም።» ሁሉም ዞር ዞር ብሎ አየ። አያ ጅቦ ጓሮው ውስጥ አልነበረም።

የቀረው 195ስ? ጦጢት እያለቀሰች «ነቀዝ ነው የበላው» አለች። ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ዓመት ፀሐይ ያላየ እህል ነው። ላይሆንም ይችላል፤ ውታፉ በእሷ እጅ ብቻ ነበር። አባባ ዔሊ ዱላዋን ገለባበጣት። አዲስ ጭረት የለባትም። ጦጢትን ሌባ ናት የሚል ማስረጃ አልተገኘም፤ ንጹሕ ናት የሚልም አልተገኘም። ይህን ተረት ስሰማ ሁልጊዜ የማዝነው ለእሷ ነው። ውታፉን ይዛ ኖረች፣ ከእሷ ጋር አብሮ የሚይዝም የሚያይም አልተሰጣትም፤ እስከ ዛሬ በካዛንቺስ ስታልፍ የሚያሾከሹክባት አይጠፋም።

በሰዎች ዓለም የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት እንዲያቀርብ ያዛል። በየእርከኑ ለማልያና ለውኃ ብር የሚያዋጡትን ትንንሽ የጧት ሯጭ ቡድኖች ግን ማን መጥቶ ይመረምራቸዋል? መርማሪያቸው አጠገባቸው የሚሮጠው ነው። እሱ ካፈረ ሌላ የለም።

በቅሎ ከሰብሳቢነቷ ተነሣች፤ ማንም ሳያስገድዳት ሌላም ነገር ጨመረች። «ነቀዝ በላው ጅብ በላው፣ ጠባቂው እኔ ነበርኩ። 235ቱን እኔ እከፍላለሁ።» አህያ እግሩ እስኪድን በእሱ ቦታ እህል በረንዳ ወርዳ ኩንታል ተሸከመች። ሰልፍ የመራች በቅሎ ጭነት ተሸክማ በመርካቶ ስታልፍ የሳቀባት ነበር። ማህበርተኛው ግን አልሳቀም። በየሳምንቱ የምታመጣውን ጣሳ በፊቷ ቆጥረው ዱላዋ ላይ ይጭሩላት ነበር።

ዶሮን ሰብሳቢ ሁኚ ሲሏት፣ ሦስት ነገር ካልተፈጸመ አልሆንም አለች። ጎታው ዞሮ ቀዳዳው በር በሩን ይይ። ውታፉን ለመንቀል ሦስት አባላት አብረው ይቁሙ። ቆጠራው በየሦስት ወሩ ይሁን። ተስማሙላት፤ የተቀጣችውን ሁለት ጣሳም ይቅርታ ጠይቀው መለሱላት።

በታኅሣሥ የመጀመሪያው ቆጠራ ደረሰ። አህያ ድኖ፣ ትንሽ እያነከሰ፣ «አንድ!» ብሎ ጀመረ። ሲያልቅ ከዱላዋ ጭረት ሁለት ጣሳ ጎደለ። ጓሮው ጸጥ አለ። በግ መሬት መሬት ታያለች፤ ፍየል አሁንም ወደ ሌላ ማየት ጀምሯል። ዶሮ ናት እኮ፤ ስለ እነሱ የተቀጣች፣ ያዳነቻቸው ዶሮ። ማን ደፍሮ ይናገራል?

«እትዬ ዶሮ፣ ሁለት ጣሳ ጎድሏል። የት ገባ?» አለ አህያ።

የዶሮ ላባ ተነፋ። ጉንጯ ድረስ ደም ወጣ። ለአፍታ ስለ ውለታዋ ልትናገር መንቆሯን ከፈተች፤ እሜቴ በቅሎ ከኩንታሏ ሥር ቀና ብላ አየቻት። ዶሮ መንቆሯን ገጠመች።

«አላወቅኩም» አለች። «ጆንያውን አራግፉና ከመጀመሪያው እንቁጠር። ዱላዋን ደግሞ አንተ ያዛት።»