ታብሌቱ የማን ነው?

ጉለሌ ውስጥ ታብሌት አይገዛም፤ ይመጣል። ከጫማው፣ ከቫይታሚኑና ከሽቶው ጋር በሰው ሻንጣ፣ በሹራብ ተጠቅልሎ ይመጣል። የእኛም የመዘምራን ታብሌት የመጣው እንዲሁ ነው። ላኪው ዱሮ ከእኛ ጋር ይዘምር የነበረ፣ ዛሬ ሜሪላንድ የሚኖር ወንድም ነው። ለራሱ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን «ለአገልግሎት ይሁን» ብሎ ሰደደልን። ጸልየንበት፣ እልል ብለንለት ተረከብነው። ዕቃው ግን ብቻውን አልመጣም። ወንድማችን ኑሮውን እንዳለ ውስጡ ትቶታል።

በመጀመሪያው እሁድ ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘነው። የመዝሙሩ ግጥም ግድግዳው ላይ ተዘርግቶ፣ ጉባኤው እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ሲያመልክ፣ ከግጥሙ በላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፤ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ። ቀጥላ የመኪና ኢንሹራንስ መጣች። ቀጥላ ደግሞ ባለቤቱ፣ ወደ ቤት ሲመለስ ዳይፐር እንዳይረሳ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሰው አይገባውም ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ከፕሮግራሙ በኋላ አንዲት እናት ጠጋ አሉና «ልጄ፣ የልጅ ልጄ አንብቦ ነገረኝ። ያ ልጅ ጥርሱን ምን ሆኖ ነው? በጸሎት ላስበው ብዬ ነው» አሉኝ።

ይኼ ብቻ ቢሆን በቻልነው። ታብሌቱ አንዳንዴ ማንነታችንን ይጠረጥርና ስድስት አኃዝ ካልነገራችሁኝ አልከፈትም ይላል። አኃዙ የሚደርሰው ሜሪላንድ ነው። እኛ እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መድረክ ስንወጣ እዚያ ገና ሌሊት ነው። ስልክ ይደወላል። ወንድማችን በእንቅልፍ ልቡ አኃዙን ያነብልንና፣ ነቃ ሲል «ምን ልትዘምሩ ነው?» ይላል። እንነግረዋለን። «በምን ኪይ?» እንነግረዋለን። «ከፍ ይላል፤ ሶፕራኖዎቹን ታሰቃያላችሁ፣ አውርዱት» ብሎ ተመልሶ ይተኛል። እናወርደዋለን፤ የታብሌቱ ባለቤት እሱ አይደል!

ነገሩ ወዲህ ነው። ይህ ዕቃ የተሠራው ለአንድ ሰው ነው። ስቲቭ ጆብስ በጥር 2002 ዓ.ም. አይፓድን ለዓለም ሲያስተዋውቅ መድረክ ላይ ሶፋ አስቀምጦ፣ እግሩን አጣጥፎ፣ ብቻውን ተቀምጦ ነበር የሚነካካው። አንድ ሰው፣ አንድ ሶፋ፣ አንድ ጣት። ዓመት ሳይሞላ ጎሪላዝ የሚባለው የእንግሊዞች ባንድ አሜሪካን ሲዞር፣ በጉዞ ላይ እያለ አብዛኛውን በዚሁ ዕቃ የቀረጸውን አልበም አወጣ። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጋራዥባንድ የሚባለው የሙዚቃ መተግበሪያ ለአይፓድ ሲመጣ ደግሞ ከበሮውም ጊታሩም ፒያኖውም በአንድ ሰው ጭን ላይ ተጠቃለለ። የእኛ መዘምራን ግን አርባ ናቸው፤ አርባው አንድ ላይ ካልሆኑ ሻይ እንኳ አይጠጡም።

ከታብሌቱ በፊት የነበረው የመዝሙር ደብተር ነው። ጠንካራ ልባስ ያለው፣ ጠርዙ ላይ አበባ የተሳለበት፣ አዝማቹ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ። አንዱ ከሌላው ይቀዳል፤ የቀዳው ያውሳል፤ ያዋሰው ይረሳል። ባለቤት አልነበረውም ማለት ይቻላል። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ፣ ሰው በየቤቱ መስኮት ዘግቶ በለሆሳስ ሲዘምር፣ መዝሙር ከእጅ ወደ እጅ የተሻገረው በዚህ ደብተርና በካሴት ነበር። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ታስሮ ሲቆይ ዝማሬው ግን ካሴት ላይ ሆኖ ከሰፈር ሰፈር ይዞር ነበር። ካሴቱ ከመቀዳት ብዛት ድምፁ እየሟሸሸ፣ መሣሪያው ከሩቅ ጎረቤት ቤት የሚመታ እየመሰለ ይሰማ ነበር ይላሉ ታላላቆቻችን። ማንም ግን የይለፍ ቃል አልጠየቃቸውም።

እኛ ደግሞ የደብተሩን ግጥም ወደ ታብሌቱ እናስገባ ብለን ተነሣን። የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ዓመታት ፈጅታ የጻፈችው የመዝሙር ስብስብ በፍላሽ ተሰጠን። ስንከፍተው የሚታየን የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ነጠብጣብና የዶላር ምልክት የተዘባረቀበት ነው። ለካ የተጻፈው የግዕዝ ፊደል ገና ዩኒኮድ ሳይገባ በተሠሩት የዱሮ ፎንቶች ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ቢሮዎቻችን የለመዱትን ፎንት ቶሎ አልተዉትም፤ ፎንቱ የሌለው መሣሪያ ላይ ሲከፈት ደግሞ ዝማሬው እርግማን ይመስላል። ለእሷ ይህን ማሳየት አልደፈርንም። ወጣቶቹ ተከፋፍለው እንደገና ጻፉት። ስለዚህ ዛሬ ታብሌታችን ውስጥ «ሃሌሉያ» በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ይገኛል።

አሁን ወደ ቅንብሩ ልምጣ። ኪቦርድ የምጫወተው እኔ ነኝ። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ኪቦርዲስት ኖታ አያነብም፤ ሰው ያነባል። የአምልኮ መሪው ያለ ኪይ ይጀምራል፣ አንተ በጆሮህ እየተከተልክ ታገኘዋለህ፤ ካስቸገረህ ትራንስፖዝ የምትባለውን ቁልፍ ተጭነህ በምታውቀው ጣት ትጫወታለህ። ይህን ለማዘመን ሲባል ለአንድ መዝሙር ከበሮውን፣ ቤዙንና ስትሪንጉን ታብሌቱ ላይ አቀናበርኩ። አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። ልምምድ ላይ ግሩም ነበር።

እሁድ ዕለት አራቱ ደቂቃ አለቀ፤ መንፈሱ ግን አላለቀም። የአምልኮ መሪያችን ዓይኑን ጨፍኖ ወደ አዝማቹ ተመለሰ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ በኋላ ቆጠራ የለም። በዚያ ላይ የእኛ ጉባኤ ጭብጨባ ሲጀምር በልክ ነው፤ እየቆየ ግን ከእንጦጦ ቁልቁል ፍሬን እንደበጠሰች መኪና ይንደረደራል። ታብሌቱ ምዕመናንን አይሰማም። የታዘዘውን ጨርሶ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አለና፣ ዝርዝሩ ላይ ቀጥሎ ያለውን በራሱ ጊዜ ጀመረ። ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ ለሰርግ ያዘጋጀነው የሙሽሮች መግቢያ ነው! ከኋላ ያሉት እናቶች አንድም ሳይጠይቁ እልልታውን አቀለጡት። ከፊት ወንበር ሁለት ሽማግሌዎች ዘወር ብለው በሩን አዩ፤ ሙሽሪትን ፍለጋ መሰለኝ። የአምልኮ መሪው ዓይኑን አልገለጠም። በአዲሱ ሪትም ላይ አዝማቹን ቀጠለ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ከዱሮው ይሻል ነበር።

ሌላው የገረመኝ ስኬሉ ነው። ታብሌቱ ላይ አንድ መተግበሪያ አለኝ፤ ስኬል ሲመርጡለት ከዚያ ውጭ ያለውን ድምፅ ይደብቅና ማንም ሕፃን ቢነካው ዜማ ያወጣል። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ትዝታ የለም፣ ባቲ የለም፣ አንቺ ሆዬ የለም። ጃፓን ግን አለ። ነካሁት። ወሎ ወጣ! አምባሰልና የጃፓኖቹ ሚያኮ ቡሺ የሚባለው ስኬል የድምፅ ርቀታቸው አንድ ነው። ከዚያ ወዲህ መዘምራኑ የአምባሰል መዝሙር ሲኖረን «ዛሬ ጃፓን ነው» ይባባላሉ። አንድ እንግዳ ፓስተር ይህን ሰምተው ሚስዮናዊ የምንልክ መስሏቸው ባርከውናል።

ጎረቤቴ መሪጌታ ናቸው። በአጥር ነው የምንለያየው፤ በቡና ጊዜ ግን አጥሩም የለም። አንድ ቀን ደጅ ተቀምጬ ታብሌቱን ስነካካ አዩኝ።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«መዝሙር ነው፣ መሪጌታ።»

«ስንት ይይዛል?»

«ከሺህ በላይ ይይዛል።»

«እሱስ ይያዝ። አንተ ስንት ይዘሃል?»

ባትሪው ሊያልቅ ነው ብዬ ገባሁ። አባባላቸው ግን አልለቀቀኝም፤ ማታ ራሴ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ድጓው ላይ ከቃሉ በላይ የሚታዩትን ጥቃቅን ምልክቶች አሳዩኝ። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሊቃውንት ናቸው የሠሯቸው። «ይኸውልህ፤ ይቺ ምልክት ዜማውን አትነግርህም» አሉኝ። «ዜማውን የምታውቅ ከሆነ ታስታውስሃለች። የማታውቅ ከሆነ ጉንዳን ናት።» እኔም እሳቸው ዘንድ ሄጄ ኮርድ ስለሚያሳየው መተግበሪያ ልፎክር አስቤ ነበር፤ ቡናዬን ጠጥቼ ተመለስኩ።

የስቱዲዮው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ስቱዲዮዬ ከሽሮ ሜዳ ወረድ ብሎ በተከራየሁት ግቢ ያለች ሰርቪስ ቤት ናት። ግድግዳዋ የእንቁላል ካርቶን ለብሷል፤ በሩ ላይ ቡሉኮ ተሰቅሏል። ቡሉኮና ጋቢ እንኳ በእኛ ሰፈር አይቸግርም። ችግሩ ጋቢው የሚሠራውም እዚያው መሆኑ ነው። ከጀርባዬ ያለው ቤት ውስጥ ከጋሞ የመጡ ሸማኔ አሉ፤ መወርወሪያቸው ከነጋ እስከ መሸ አያርፍም። ማይክሮፎኑ ደግሞ ከዘማሪዋ ይልቅ እሳቸውን ይወዳል።

«ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ያሳርፉልኝ» አልኳቸው።

«ለበዓል የታዘዘ ጥበብ ነው። አንተ ዝም ብለህ በላዩ ዝፈንበት።»

«መዝሙር ነው፣ ጋሼ።»

«እሱንም ቢሆን!»

ምክራቸውን ተቀበልኩ። የመዝሙሩን ፍጥነት በእሳቸው መወርወሪያ ለካሁና ቅንብሩን በዚያ ላይ ሠራሁ። ያለቀውን ሳሰማቸው እስከ መጨረሻው አዳምጠው «እዚህ ጋ ክሩ ተበጥሶብኝ ነበር» አሉ። እውነት ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ሪትሙ ለአፍታ ይሰናከላል።

ክረምት ሲመጣ የቆርቆሮው ዝናብ አለ፤ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ድምፅ መቅዳት ዘበት ነው። ከቤት ውጭ ያለው ሕዝብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ነው። አንዲት እህት ለጌታ ምን ልትሰጠው እንደምትችል በዜማ በምትጠይቅበት፣ መሣሪያው ሁሉ ዝም በሚልበት ቦታ ላይ፣ ከመንገድ «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ መለሰላት። ድምፁ በልኩ፣ በኪዩ ነበር የገባው። ላጠፋው ብሞክርም ከእሷ ድምፅ ጋር ስለተጣበቀ አልለቀቀም፤ አልበሙን በጆሮ ማዳመጫ ከሰሙት ዛሬም አለ።

የጆሮ ማዳመጫ ካልኩ አይቀር፣ ብሉቱዝ በሚባለው ለመቅዳት አትሞክሩ። ድምፁ ከታብሌቱ ወጥቶ ጆሮ እስኪገባ ከአንድ መቶ ሚሊ ሰከንድ በላይ ሊዘገይ ይችላል፤ ትንሽ ይመስላል እንጂ ዘማሪ ሁልጊዜ ከከበሮው ኋላ እንድትሮጥ ለማድረግ ይበቃል። በገመድ ነው የሚያዋጣው። ብዙዎቹ አዳዲስ ታብሌቶች ደግሞ የገመዱን ቀዳዳ ደፍነውታል፤ እዚህ ላይ የእኛ አሮጌነቱ ጠቀመን። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ፤ ኪቦርዱ ሞቶ፣ ሚክሰሩ ሞቶ፣ እሱ ብቻ ያበራል። ያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ያንን ነገር ወዲህ አምጣው» ይላሉ፤ ጄኔሬተሩን መፈለጊያ።

ባለፈው ሰሞን ታብሌቱ ሞላሁ አለ። ከፍቼ ባየው ከመዝሙሩ ይልቅ የሞላው የሰው ነገር ነው። የሦስት ሰርግ ቪዲዮ፣ የእድር ስም ዝርዝር፣ የሰንበት ትምህርት ልጆች የመኪና እሽቅድድም ጨዋታ፣ የአልቶዎቹ የዶሮ ወጥ አሠራር፣ ማንም የእኔ ነው ያላለው የጀርመንኛ ትምህርት። የይለፍ ቃሉን ከልጆቻቸው ጋር መዘምራኑ ሁሉ ያውቁታል፤ የማያውቀው ወንድማችን ብቻ ነው። ላጥፋ ብል አኩራፊው በዛ። ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ ሄደ።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ ከማጥፋቱ በፊት ባለቤትነቱ ይጣራ ተባለ። የንብረት መዝገቡ መጣ። ከበሮ፣ ሁለት። ማይክሮፎን፣ አራት፤ አንዱ የማይሠራ። ብረት ድስት፣ አንድ። ታብሌት፣ አንድ። «ተረካቢ» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። «መዘምራን ብለው ይጻፉት» አልኩ። ገንዘብ ያዧ እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «መዘምራን አይፈርምም፤ ሰው ነው የሚፈርም» አሉ። ሰው ሁሉ ጣራ ጣራውን አየ። ለአንድ ዓመት «የእኔ ቪዲዮ እንዳይነካ» ሲል የነበረው ሁሉ ስክሪኑ ቢሰበር የሚከፈለውን ማስላት ጀመረ። አንዱ ሜሪላንድ ያለው ወንድም ይፈርም፣ በስሙ አይደል ያለው አለ። ሌላው የሌለ ሰው አይረከብም አለ። ጸለይን። ከጸሎቱም በኋላ የፈረመ የለም።

በመጨረሻ እትዬ ወደ እኔ ዞረው «እንግዲያው አንተ ቻርጀሩን ብቻ ፈርም» አሉኝ። ፈረምኩ። ገመዱ አይመለከተኝም፤ እሱ በሶፕራኖዎቹ ስም ነው የተመዘገበው።