ውሃ ለማየት የድጋፍ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ስሙን ለክብሩ ስል ለማልጠራው የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፤

ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን የሐይቅ ከተማ፣ ውሃዋንና የአምባሰልን ተራሮች ለማየት የሚያስፈልገውን ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። ትምህርቱ የተሟላ ነበር። መታወቂያ ማንነትን እንጂ ዓላማን አያስረዳም፤ ዓላማን የሚያስረዳው ከመሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ መሥሪያ ቤት የሌለው ከቀበሌው ያጽፍ፤ የቀበሌውም ቢሆን ቁጥርና ክብ ማኅተም ከሌለው አይሠራም፤ ሁሉም ቢሟላ ደግሞ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። በመጨረሻም ወረፋ የያዘው ሕዝብ እየሰማ «ውሃ ለማየት ይህን ያህል መንገድ የሚመጣ ሥራ ፈት ነው» የሚል ሙያዊ አስተያየት ተመርቆልኛል። የመንገዱንና የመጸዳጃ ቤቱን ነገር አላነሳም፤ ከዚህ ጋር ሲተያዩ ቀላል ናቸው።

ደንብ አልቃወምም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም፤ ነገር ግን ሕጉን ሁሉም ከቤቱ ሳይነሳ ያውቀዋል፤ ለወይዘሮዋም ለገበሬዋም አንድ ነው። የእናንተ ደንብ የሚታወቀው መስኮቱ ጋ ሲደረስ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን ትምህርት ቤት ሲያደርጉት ከሩቅ አገር ተማሪ ይመጣ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም አንዱ ናቸው። ያን ጊዜ እናንተ ብትኖሩ ከሸዋ ማኅተም እስኪመጣላቸው ዳር ላይ በቆዩ ነበር። ግሸንንም ተመልከቱ፦ ነገሥታቱ የንጉሥ ልጆችን በዘብ ያስጠበቁበት አምባ ዛሬ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ሕዝብ ይጎርፍበታል፤ አጥር የሌለው ውሃ ግን በእናንተ መስኮት ተዘጋ።

ቅርስ እንጠብቃለን ትሉ ይሆናል። በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚታወቀውን የብራና ወንጌል ለዘመናት የጠበቁት መነኮሳቱ ናቸው፤ ደብዳቤውም የተጠየቀው ለብራናው ሳይሆን ለሐይቁ ዳርቻ ነው፤ ውሃ ደግሞ በኪስ ተይዞ አይወጣም። የጸጥታ ጉዳይ ነው ካላችሁ፣ ይህን አላቃልልም፤ በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲደርስ ሐይቅም ያየችውን አይታለች። ስጋት ካለ «ዝግ ነው» ብላችሁ በር ላይ ለጥፉ። ሥራ ፈት ብሎ መስደብ የየትኛው የጸጥታ ዕቅድ አካል ነው? ይህ ንቀት ነው! ደመወዛችሁ የሚከፈለው ከዚሁ ሥራ ፈት ከምትሉት ሰው ግብር ነው። ይቅርታ፣ ወደ አክብሮቴ ልመለስ። እንግዳ ሲቀር የሚጎዱት ጀልባ ቀዛፊው፣ ዓሣ ጠባሹና አልጋ አከራይዋ ናቸው፤ የእናንተ ደመወዝ እንግዳ መጣ ቀረ በወሩ ይገባል። ደብዳቤ መጠየቅ የቀለላችሁም ለዚህ ይመስለኛል።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከመስኮቱ ውጭ ለጥፉ፤ ምንም የማያስፈልግ ከሆነም ያንኑ ጻፉ። ስድቡ የተነገረው በሕዝብ ፊት ነውና ይቅርታውም በሕዝብ ፊት ይሁን።