በሀበሻ ነው በፈረንጅ?

ደባርቅ ላይ ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀጠሮ አይያዝም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚሁ ከተማ ነውና አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ በቅሎ ነጂውና ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ሲባባሉ ይውላሉ። እንግዳው «በስድስት ወደ ሳንቃበር እንውጣ» ካለ ማለዳ 12 ሰዓት ማለቱ እንደሆነ የሊስትሮ ልጅ እንኳ አይጠፋውም። እኔም በዚሁ ሥራ የከረምኩ ነኝ። የልጅነት ጓደኞቼ «እስኪ በቪዲዮ ተሰብስበን እንጨዋወት» ሲሉ ሰዓት የመወሰኑ ጣጣ በእኔ ላይ ወደቀ። «ሰዓት መለወጥ እንጀራህ አይደል?» አሉኝ፤ ምን ይመለሳል!

አንድ ክፍል ተምረን የተበተንን ነን። አንዱ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዷ ሜልቦርን፣ አንዱ ፍራንክፈርት ነው። አንዱ ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ዳባት ያስተምራል። ከሁሉ የሚያስቸግረው የዳባቱ ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ጊዜው የካቲት ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓትን መረጥኩ። እኛ ዘንድ 9 ሲሆን ፍራንክፈርት ከቀኑ 7፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከጠዋቱ 1፣ ሜልቦርን ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ሁሉም ነቅቶ የሚገኝበት ከዚህ የተሻለ ሰዓት አላገኘሁም። በቴሌግራም ቡድናችን «እሑድ 9 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። ደባርቅ ላይ ከዚህ የጠራ አማርኛ አይጻፍም።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ብዙ ዘመን ባሕር ማዶ የኖረ ነውና 9ን በፈረንጅ አነበባት። እንዲያ ከሆነ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ እሱ ዘንድ ደግሞ ከሌሊቱ 7። ሰውዬው ሸሚዙን ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ማንም የሌለበት ስክሪን ላይ አፍጥጦ ቆየ። ሚስቱ ነቅታ «ከማን ጋር ነው በዚህ ሌሊት?» ስትለው «ከደባርቅ ልጆች ጋር» ቢላት ማን ያምነዋል? የሜልቦርኗ በበኩሏ 9ን የራሷ ምሽት አድርጋ ሁለት ሰዓት ቀድማ ገባች፤ ጠብቃ ጠብቃ፣ ነገ ሥራ አለና ተኛች። በሰዓቱ የተገኘነው እኔ፣ እናቱ ዘንድ በየቀኑ ስለሚደውል የአገሩ ሰዓት ያልጠፋው የፍራንክፈርቱ፣ እንዲሁም የዳባቱ ነን። ለዚያውም የዳባቱ ድምፁ ሲመጣ ምስሉ ይሄዳል። የተገኘነው የቀሩትን ስናማ ቆይተን ተለያየን።

የሜልቦርኗ ተቆጣች። «ሊንክ ይላክ፤ ሰዓቱን ስልኩ ራሱ ያስላው!» አለች። ተላከ። ሊንኩ የዳባቱ ስልክ ላይ ሲደርስ «3:00 ፒኤም» ይላል። እሱም «ፒኤም» ማታ ነው ብሎ፣ እራቱን በልቶ፣ ጋቢውን ደርቦ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲገባ ሁላችንም ከወጣን ሰዓታት አልፈዋል። የሲልቨር ስፕሪንጉ ደግሞ ከሊንኩ ይልቅ የራሱን ሒሳብ አመነ፤ «ከኢትዮጵያ የምንለየው በስምንት ሰዓት ነው» ብሎ ደወሉን ሞልቶ ተኛ። ዕለቷ ግን የማርች ሁለተኛ እሑድ ነበረች፤ አሜሪካ በዚያች ሌሊት ሰዓቷን አንድ ወደፊት ገፍታ ልዩነቱ ሰባት ሆኗል። በእኛ 8 ሰዓት ገብቶ፣ ማንንም ሲያጣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደ።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። አውሮፓ ሰዓቱን የሚገፋው በማርች የመጨረሻ እሑድ ነው። ሜልቦርን ደግሞ ክረምቷ ስለሚገባ በአፕሪል የመጀመሪያ እሑድ ወደኋላ ትመልሳለች። አንድ ወር በማይሞላ ጊዜ ሦስቱ አገሮች በየተራ ይነቃነቃሉ፤ በኦክቶበርና በኖቬምበር ደግሞ እንደገና። እነሱ አይፈረድባቸውም፤ ፍራንክፈርት በክረምት ስምንት ሰዓት ያህል ብቻ ብርሃን አይታ በበጋው አሥራ ስድስት ታገኛለች። የእኛ ቀንና ሌሊት ግን ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይበላለጡም፤ ሰዓታችንን የሚነካ የለም።

«ተስፋ እንቁረጥ» ሲሉ አንድ ነገር አስታወስኳቸው። የስሜን ተራሮች በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በጳጉሜን 1970 ዓ.ም. ነው፤ ጉባኤው የተቀመጠውም ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ፣ ዋሽንግተን። ያለ ሊንክ፣ ያለ ቴሌግራም ስሜንና ዋሽንግተን ከተገናኙ እኛን ምን ይከለክለናል?

ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ቀጠርን። ሁሉም አገር ሰዓቱን ነክቶ ጨርሷል። «በሀበሻ፣ በደባርቅ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሳለ፣ 9 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ከፍራንክፈርቱ እናት ቤት ሆንኩ፤ በልጅነታችን ሁላችንንም ያበሉን እማማ ናቸው። ቡናው ቀርቧል፣ ድፎው ተቆርሷል። ተአምር ነው፤ አምስታችንም ገባን!

እማማ ስልኩን ተቀብለው የሜልቦርኗን «ልጄ፣ ምሳ በላሽ?» አሏት።

«ኧረ እማማ፣ እዚህ መሽቷል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው።»

እማማ ነገሩን አላመኑም። ስልኩን ይዘው ወደ ደጃፉ አዞሩትና «ይኸው ፀሐይ! እናንተ ዘንድ ምን አገኛት?» አሉ።

ከዚያ ሰላምታው ተጀመረ። እንደምን ከረማችሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆችስ፣ ደኅና፣ እናትህስ፣ አባትሽስ፣ ጎረቤቱስ፣ አዝመራውስ እንዴት ነበር። የፍራንክፈርቱ በቅሎዋን ጠየቀ፤ ከሞተች መቆየቷ ተነገረው፤ ሁሉም በየተራ አዘነ። የዳባቱ ጉሮሮውን ጠርጎ «እንግዲህ ወደ ጨዋታችን…» ሲል ስክሪኑ ጠፋ። የመረጥነው መተግበሪያ በነጻ የሚሰጠው 40 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሰላምታው ጨርሶታል።

በኋላ በጽሑፍ ተመካከርን። ሰላምታው ይጠር ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ ለሰሚውም ይከብዳል። ሁለት ነገር ብቻ ወሰንን፤ ዘመድ ወዳጅ በዓለም የተበተነባችሁም ብትይዙት አይጎዳችሁም። አንደኛ፣ ቀጠሮ የሚቆረጠው በአገር ቤት ሰዓት ነው፤ የማይነቃነቀው እሱ ነውና ሌላው ከእሱ ያስላ። ሁለተኛ፣ ሰላምታችሁን ቅዳሜ በድምፅ መልእክት ጨርሱት፤ እሑድ የሚሰበሰበው ለጨዋታ ነው።